መጋዘኑ ሲራቆት ያደገው ትርፍ

ስሜን አልጽፍም። ኮሎምበስ ሰፊ ከተማ ትመስላለች እንጂ አበሻው እርስ በርሱ የሚተዋወቅባት ናት፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይጠብቀኛል። የሠራሁበትን ኩባንያ ስምም አልጠራም። የቤት ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የመብራት ቆብ፣ የመሳሰለውን። መጋዘኑ ግሮቭ ሲቲ ነበር። እኔ ደግሞ እዚያ መጋዘን ውስጥ «ኦዲተሯ» ነበርኩ።

ስሙን ያወጡልኝ አብረውኝ የሚሠሩ አበሾች ናቸው። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ዘጠኝ ዓመት የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ኦዲተር ሆኜ አላውቅም። ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ ካርቶን ማንሳት ስጀምር ግን «የሂሳብ ሠራተኛ ነበርሽ ወይስ ኦዲተር?» ብሎ ለይቶ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላረምኩም። ቀኑን ሙሉ የመጋረጃ ዘንግ ስሸከም ውዬ አንድ ሰው «ኦዲተሯ» ብሎ ሲጠራኝ ወገቤ ቀጥ ይል ነበር። የታክስ ወረቀት የመጣለት፣ የባንክ ደብዳቤ ያልገባው፣ ኢንሹራንስ ያጭበረበረው የመሰለው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። አንድም ቀን «አላውቅም» ብዬ መልሼ አላውቅም። ካላወቅሁ ቤቴ ሄጄ አንብቤ እመለሳለሁ፤ ጊዜ ከሌለኝ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ እገምታለሁ።

በእኛ ሺፍት አበሾች ስምንት ነበርን። ምሳ የምንበላው በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ትሪ ነው። ተራ አለን፤ ተረኛው ለሁላችንም የሚበቃ ይዞ ይመጣል፤ የሌሎቻችን ሥራ እጃችንን ታጥበን መቅረብ ብቻ ነው። ኮቪድ ሁለት ዓመት ያህል አስቁሞን ነበር። በ2022 መጀመሪያ ላይ ማስኩ ሲነሳ ትሪውም ተመለሰ። ሰዎቹ ግን ሁሉም አልተመለሱም።

መጋዘኑ መራቆት የጀመረው ያኔ ነው። ሰኞ ሰኞ ስንገባ ከወደ ኋላ አንድ ተጨማሪ መስመር በቢጫ ሰንሰለት ተዘግቶ እናገኛለን። የነገረንም፣ ያስረዳንም የለም። ሰውም እንደዚያው ነው። ጠዋት በር ላይ የመግቢያ ካርዱን፣ ባጁን፣ ያስጠጋል፤ በሩ አይከፈትለትም፤ ሱፐርቫይዘሩ ይወጣና በለሆሳስ ያናግረዋል፤ አለቀ። ሎከሩ ላይ ስሙ እንደተለጠፈ ይቀራል። ሕንፃው መስኮት የለውም፤ መብራቱ ደግሞ የሰው እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ የሚበራ ነው። ስለዚህ ሰው የማይገባበት መስመር ሁሉ ጨለማ ነው። ፊት ለፊት ባለው የማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ሳይ ጨለማው በየካቲት ከመስመር ስድሳ ነበር የሚጀምረው። በመጋቢት ሃምሳ ላይ ደረሰ። በሚያዝያ አርባ። ፀሐይ ውጭ ላይ ፍንትው ብላ እያለች ጨለማው በየሳምንቱ ወደ እኛ ይራመድ ነበር። ቀልደኛው ዳዊት «አሁን ደግሞ ማንን ሊበላ ነው?» ይል ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የእሱም ባጅ እምቢ አለ።

ምሳ የምንበላበት ብሬክ ሩም ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። የኩባንያው ዜናና የሠራተኞች ልደት ሲፈራረቅበት ይውላል። ከሄዱት ሰዎች አንዱንም አልረሳም። «መልካም ልደት ዳዊት! ከእኛ ጋር ስለሆንክ ደስ ብሎናል!» ይላል፣ ከነፊኛው። ቀጥሎ በአረንጓዴ ቀለም አንድ ቁጥር ይመጣል፤ የአንድ አክሲዮን ትርፍ። ባለፈው ሩብ ዓመት ጨምሮ ነበር፤ በዚህኛውም ጨመረ፤ ከጎኑ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለው።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት መጨረሻ፣ ሐሙስ ዕለት ነው። ከስምንት አምስት ቀርተን ምሳ እየበላን ነበር። ጋሼ መኮንን እጃቸውን ጠርገው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጋሼ መኮንን በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ በዚያ መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩ፣ በማግሥቱ ዓርብ ጡረታ የሚወጡ ሰው ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ የኩባንያው አክሲዮን ሲገዛላቸው ኖሯል። ሌላ ያጠራቀሙት ነገር የላቸውም።

«ኦዲተሯ፣» አሉኝ፣ «ይቺን ነገር እስኪ እይልኝ። ወይ ስቶኩን ሸጠው ካሹን ይሰጡኛል፣ ወይ እዚያው ይቀመጣል። እኔ የቤቱን ሞርጌጅ፣ የባንኩን ዕዳ፣ ልዝጋበት ብዬ ነበር። ሰው ደግሞ ኩባንያው እያደገ ነው፣ ተወው ይለኛል።»

«እስከ መቼ ነው የሚሞላው?» አልኳቸው።

«እስከ ሰኞ ቀትር። ከዚያ ወዲያ እስከ መኸር አይነካም።»

አብራን የምትበላው እትዬ አስካለ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ሁሉም እኔን ያያል። እኔ ደግሞ ቴሌቪዥኑን አየሁ፤ አረንጓዴው ቁጥር ተራው ደርሶ ብቅ አለ።

እዚህ ላይ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ስህተቱ የአበሻ ስህተት ነው። አገር ቤት የባንክ አክሲዮን ነበረኝ፣ ትንሽዬ። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ እሄዳለሁ፤ ሪፖርቱን ከኋላ ጀምሬ አነባለሁ። የአንድ አክሲዮን ትርፍ አደገ ማለት ባንኩ አተረፈ ማለት ነበር። ሌላ ትርጉም ሊኖረው አይችልም፤ እዚያ አክሲዮን በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ ሲቀንስ አይቼ አላውቅም። ባንክ የገዛ አክሲዮኑን ከባለቤቶቹ መልሶ ገዝቶ ያጠፋል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያሾፍብኛል ብዬ እስቅበት ነበር።

«አይንኩት ጋሼ፣» አልኩ፣ ሙሉ ድምፅ አውጥቼ። «ትርፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። አሁን መሸጥ እርጉዝ ላም እንደማረድ ነው።»

«ተባረኪ፣» አሉና ወረቀቱን አጠፉት። የሃያ ሁለት ዓመት ላባቸውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ወሰንኩላቸው። ወጡን እንኳ አልጨረስኩም ነበር።

ቅዳሜ ኦቨርታይም ገባሁ። ሱፐርቫይዘሩ የዕቃ መቁጠሪያ ስካነር ሰጠኝና ከመስመር አርባ እስከ መጨረሻው ያለውን መደርደሪያ ሁሉ እንድቆጥር ነገረኝ። ብቻዬን። ሰንሰለቱን አልፌ ስገባ ከአናቴ በላይ አንድ መብራት ቦግ ብሎ በራ። ትንሽ ስራመድ ቀጣዩ። ዞር ስል የመጀመሪያው ጠፍቷል። እኔ በምሄድበት ብቻ ብርሃን አለ፤ ከፊቴም ከኋላዬም የለም።

መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ባዶ ነው። ስያሜዎቹ ግን አሉ፤ ብርድ ልብስ፣ ድርብ፤ መጋረጃ፣ ግራጫ። ስካነሩን አነጣጥራለሁ፤ «ስንት?» ይለኛል። ዜሮ እላለሁ። «ዜሮ። እርግጠኛ ነሽ?» አዎ። ቀጣዩ። ዜሮ። እርግጠኛ ነሽ? አዎ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ይህን ያህል ጊዜ ዜሮ ብሎ የሚጽፍ ሰው መጨረሻ ላይ ራሱም የተቆጠረ ይመስለዋል። እግሬ ድምፅ እንዳያሰማ መጠንቀቅ መጀመሬን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መስመር ሃምሳ ሁለት ላይ እያለሁ፣ ሦስት መስመር አልፎ፣ መብራት በራ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እኔ እዚያ የለሁም። «ሃሎ?» አልኩ። መልስ የለም። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ ጢው፣ ጢው፣ ቀጭን የማሽን ድምፅ። በአማርኛም «ማነው?» አልኩ። መሮጥ ነበረብኝ፤ ነገር ግን እኔ ግትር ሴት ነኝ፤ ስፈራ እናደዳለሁ፣ ስናደድ ደግሞ ወደ ፈራሁት ነገር ነው የምሄደው።

ሄድኩ። ሰው የለም። ከላይኛው መደርደሪያ የተንጠለጠለ የማሸጊያ ፕላስቲክ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ከታች ቻርጀር ላይ የተረሳ ስካነር አለ፤ የሚጮኸው እሱ ነው። ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አየሁት። «እንኳን ደህና መጣህ ዳዊት። የዛሬ ሥራህ፦ ዜሮ» ይላል። ዳዊት ከሄደ አንድ ወር አልፎታል። ስካነሩን ከቻርጀሩ ነቀልኩና ዝም አሰኘሁት። ፕላስቲኩን ያወዛወዘው ማራገቢያው ነው ብዬ ልቤን አረጋጋሁ። በዚያ በኩል ያሉት ማራገቢያዎች ከክረምት ጀምሮ ኤሌክትሪካቸው እንደተቆረጠ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚያው ቆሜ እያለሁ ግን ከፍርሃቱ ሌላ ነገር መጣብኝ። ሰው የለም፤ ዕቃ የለም፤ የሚጫን መኪና በግማሽ ቀንሷል። ታዲያ ያ ቁጥር ከየት ነው የሚያድገው?

ምሳ ሰዓት ላይ ብሬክ ሩም ስገባ እትዬ አስካለ ብቻዋን ተቀምጣለች። ተራው የእሷ ነው። ሌሎቹ ኦቨርታይም አልገቡም። ትሪው ግን እንደ ድሮው ጢም ብሏል።

«ይህን ሁሉ ለማን ነው?» አልኳት።

«እጄ የለመደው ለስምንት ሰው ነው፤ መቀነስ አልቻልኩም። ብዪ እንጂ! ሰው በጎደለ ቁጥር የእኛ ድርሻ ይበዛል። ዛሬ እኮ አራት እጥፍ ነው የደረሰን!» ብላ ሳቀች።

እጄ ትሪው ላይ ቀረ። ምግቡ አልጨመረም፤ ትሪው ያው ትሪ ነው፤ የቀነሰው በላተኛው ነው። ቀና ስል አረንጓዴው ቁጥር ከነቀስቱ አናቴ ላይ ያበራል። ቁጥሩ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ነው። በስንት አክሲዮን ተካፍሎ? እኔ፣ ኦዲተሯ፣ ይህን አልጠየቅሁም ነበር።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?» አለችኝ እትዬ አስካለ።

«አመመኝ፣» አልኩና ለሱፐርቫይዘሩም ያንኑ ነግሬ ወጣሁ።

ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት በስልኬ ከፈትኩት። ማንም ሰው ሊያነበው የሚችል፣ ለሕዝብ የወጣ ሪፖርት ነው። የፊተኛው ገጽ አረንጓዴ ነው፤ ፈገግታ ነው። እንደ አገር ቤት ልማዴ ከኋላ ጀመርኩ።

በቀላሉ ላስረዳችሁ። አንድ ድርጅት መቶ ብር ቢያተርፍና መቶ አክሲዮን ቢኖረው ለአንዱ አንድ ብር ይደርሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት ትርፉ ወደ ዘጠና ብር ቢወርድ፣ ድርጅቱ ግን ከገበያ ላይ ሠላሳ አክሲዮን መልሶ ገዝቶ ቢያጠፋ፣ ዘጠናው ለሰባ ይካፈልና ለአንዱ ከአንድ ብር ከሃያ አምስት ሳንቲም በላይ ይደርሰዋል። ትርፉ ወርዷል፤ ቁጥሩ ግን ወጥቷል። የእኛ ኩባንያ ያደረገው ይህንን ነበር። ጠቅላላ ትርፉ ሁለት ዓመት በተከታታይ ቀንሷል። አክሲዮኖቹ ደግሞ ከትርፉ በበለጠ ፍጥነት ቀንሰዋል። መግዣው ገንዘብ ከየት መጣ? ከፊሉ ብድር ነው። ለዕቃና ለሰው የማይወጣው ገንዘብ ደግሞ ሌላውን ከፊል ሞልቶታል። እኔ ጠዋት ሙሉ ዜሮ፣ ዜሮ ስል የዋልኩት በሌላ ቋንቋ እዚህ ተጽፎ አገኘሁት።

ገጽ ስድሳ ምናምን ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ስለ አለቆቹ ስቶክ ኦፕሽን ተጽፏል። ኦፕሽን ማለት ነገ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢወጣ በዛሬው ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ዋጋው ከወጣ ልዩነቱ የአለቃው ነው። ይህ ያው ደመወዝ ነው፤ ወጪ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ግን «የተስተካከለ» የሚባለው ትርፍ ነበር፤ ከተስተካከሉት ነገሮች አንዱ ይህን ወጪ አለመቁጠር ነው። በዚያ ላይ አለቆቹ በኦፕሽናቸው ሲገዙ አዲስ አክሲዮን ይወለዳል። ስለዚህ ኩባንያው መልሶ ከሚገዛው አክሲዮን ከፊሉ የሚሄደው ለእነሱ የታተመውን ለመሰብሰብ ብቻ ነው። የአለቆቹ ቦነስ የሚለካው በምን እንደሆነ ስፈልግ ደግሞ አገኘሁት። በአንድ አክሲዮን ትርፍ ነው።

ሕገወጥ ነገር የለበትም። ሁሉም ተጽፏል። አክሲዮኑን መልሶ መግዛቱም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ትርፍ ገንዘብ ያለው ደህና ድርጅት ያደርገዋል። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጨለማው ወደ እኛ ሲመጣ እያየሁ፣ ከጨለማው በላይ ያለውን አረንጓዴ ቁጥር አመንኩ። ጋሼ መኮንንን ደግሞ አሳመንኩ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሆኜ በረደኝ።

ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው አይነሳም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካናል ዊንቸስተር ቤታቸው ሄድኩ። ያ ሰፈር አዲስ ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መንገድ ላይ አንድም ሰው አይታይም። ቁጥሩን እያየሁ ሁለት ጊዜ አለፍኩት። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ሩት ናት።

«ዳድ ኢዝ ኢን ዘ ባክያርድ፣» አለችኝ። «ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?»

«ኦኬ ነው፣» ብዬ ዋሸኋት።

ጋሼ ጓሮ ውስጥ የቤት ልብሳቸውን ለብሰው ጎመን ይተክላሉ። ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ «ጡረተኛ ልትጠይቂ መጣሽ?» አሉኝ። አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ ትሪው፣ ስለ ሪፖርቱ፣ ስለ ሁሉም። እጃቸው አፈር እንደሆነ ሰሙኝ። ስጨርስ የያዟትን ችግኝ አፈር አለበሷት።

«ፎርሙን ዓርብ ሰጥቻለሁ፣» አሉ በመጨረሻ። «ባልሽኝ መሠረት ሞልቼ።»

«እስከ ሰኞ ቀትር እኮ መቀየር ይቻላል ጋሼ። እዚያ ላይ ጽፏል።»

«ይቻል ይሆናል።» እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐሙስ ዕለት ይህን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላውቅም አላልሽኝም?»

በሕይወቴ እንደዚያ ጥያቄ ያሳፈረኝ ነገር የለም። አልጮኹም፤ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አፈርኩ፣» አልኳቸው። «ሁሉም እያየኝ ነበር። ደግሞም እኔ ኦዲተር አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም።» እንባዬ መጣ።

«እሱንስ አውቅ ነበር፣» አሉኝ። «ኦዲተር እንዲህ ቶሎ አይመልስም። ነገ ጠዋት ነይና እንሂድ።»

ሰኞ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድኩ። የእሳቸው ባጅ አይሠራም፤ በእኔ ባጅ ገባን። የሰው ኃይል ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ ከተቀጠርኩበት ቀን ወዲህ አልወጣሁበትም። ያኔ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ይሠሩበት ነበር። በሩን ገፋ ስናደርገው ጨለማ ነው። ሁለት እርምጃ ስንገባ መብራቱ በራ።

ጠረጴዛዎቹ እንደተደረደሩ አሉ፤ ኮምፒውተር የለም፣ ወረቀት የለም፣ ሰው የለም። አንዱ ወንበር ጀርባ ላይ የሴት ሹራብ ተንጠልጥሏል። ታች፣ እኛ መጋዘን ውስጥ፣ ኋላው ብቻ የጨለመ መስሎን ነበር። ለካስ ከላያችንም ጨልሟል።

«ሰው የለም እንዴ?» አሉ ጋሼ፣ በሹክሹክታ። ለምን እንደተንሾካሾኩ ገባኝ፤ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ለእርዳታ በዚህ ቁጥር ይደውሉ ይላል። ለቀትር ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን መቱ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙት። ጠራ።

ከክፍሉ ጥግ፣ ሹራቡ ከተሰቀለበት ወንበር ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ስልክ ጮኸ።

ሁለታችንም ደነገጥን። እኛ የምንደውለው ለዚያ ስልክ ነው። በእጃችን ያለው ስልክ ይጠራል፣ ጥግ ላይ ያለው ይጮኻል፤ ይጠራል፣ ይጮኻል። በዚህ መሀል ስላልተንቀሳቀስን መብራቱ ጠፋ። ጨለማው ውስጥ የስልኩ ቀይ አምፖል ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ጋሼ አማተቡ። «እጅሽን አንሺ፣» አሉኝ፤ እጄን አውለበለብኩ፤ መብራቱ ተመለሰ። ሕያው መሆናችንን ለአንድ ቆርቆሮ ለማስረዳት እጄን ያወዛወዝኩባትን ያችን ደቂቃ እስክሞት አልረሳትም።

ከብዙ ጥሪ በኋላ የጥጉ ስልክ ድንገት ዝም አለ፤ ጥሪው ወደ ሌላ ቦታ ተላለፈ። ሙዚቃ መጣ። «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» መጣ። እንደገና ሙዚቃ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቷል፣ ከዚያ አሥራ ሁለት። እጄን እያውለበለብኩ እጠብቃለሁ። ጋሼ ላብ በላብ ሆነዋል። ስምንት ደቂቃ ሲቀር የሴት ድምፅ መጣ፤ የት ግዛት እንዳለች እግዜር ይወቅ። ስማቸውን፣ የልደት ቀናቸውን ጠየቀች። ከዚያ ደስ በሚል አነጋገር፦

«ሁሉንም መሸጥ ይፈልጋሉ? የኩባንያው ውጤት እኮ በዚህ ዓመት እጅግ ጥሩ ነው። እርግጠኛ ነዎት?»

ጋሼ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

ያ ጥያቄ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ስካነሩ ሲጠይቀኝ የዋለው ጥያቄ ነው። አዎ ማለት እንዴት እንደሚቀል አውቃለሁ። አዎ ቢባሉም ደስ ይላቸው ነበር።

«አይደለሁም ጋሼ፣» አልኩ። «ትርፉ እየወረደ መሆኑን አይቻለሁ፤ አክሲዮኑ እየቀነሰ መሆኑን አይቻለሁ። ዋጋው ነገ ይውጣ ይውረድ ግን አላውቅም። ሊወጣም ይችላል። አላውቅም።»

ፊታቸው ፈታ አለ። «ሐሙስ ዕለት እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፣» አሉ። መዳፋቸውን አነሱ። «የስ ማም። ሴል ኢት። ኦል ኦፍ ኢት።»

ሴትዮዋ የማረጋገጫ ቁጥር ሰጠቻቸው፤ እኔ በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ደረጃውን ስንወርድ ከኋላችን መብራቱ ጠፋ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ለቀሩት ሁሉ ነገርኳቸው፤ ኦዲተር አለመሆኔንም ጭምር። የሰኞው ገደብ ለጡረተኛ ብቻ ስለነበር አንዱ አክሲዮኑን ወዲያው ሸጠ። እትዬ አስካለ ግን «የሐሙሱ ምክርሽ ነበር ደስ ያለኝ» ብላ አክሲዮኗን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዋጋው ወጣ። ሰኔን ወጣ፤ ሐምሌንም ወጣ። «እርጉዟን ላም አሳረድሻቸው!» እያሉ ተሳለቁብኝ፤ እኔም ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በመስከረም ግን የኩባንያው ብድር ከበደ፤ ዋጋው በአንድ ሳምንት ከግማሽ በታች ወረደ። በኅዳር መጋዘኑ ተዘጋ። የመጨረሻውን ቆጠራ የቆጠርነው እኔና እትዬ አስካለ ነን፤ ያጣችውን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም፤ ያ ነው የሚከብደኝ። አለቆቹ ገና በሚያዝያ ኦፕሽናቸውን እየገዙ መሸጣቸው በኋላ በሪፖርት ወጣ። እሱም ሕጋዊ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እዚህ አገር አክሲዮን ያላችሁም የሌላችሁም፣ ምክር አልሰጣችሁም፤ ምክር መስጠት ትቻለሁ። ቁጥር ሲያሳዩአችሁ ግን በዙሪያችሁ ያለውን አይታችሁ አወዳድሩት። ዓይናችሁ ያየውና ወረቀቱ የሚለው ካልገጠመ፣ ያልገባችሁ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያልገባችሁን ደግሞ አልገባኝም በሉ። ዛሬ ኢስተን በሚባለው የገበያ ማዕከል አንድ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ የማውቀውን አነባለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። አንዳንዱ እያወቀች ትደብቃለች፣ ምቀኛ ነች ይለኛል። ይበለኝ።

ጋሼ መኮንን የደወሉልኝ ገና ዋጋው ሲወጣ፣ ሐምሌ ላይ ነበር። ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳይ ሊወቅሱኝ ነው ብዬ አነሳሁት።

«ኦዲተሯ፣ ስቶኩ ወጣ አሉ።»

«ወጣ ጋሼ።»

«ከዚህም ይወጣል?»

«አላውቅም።»

ሳቃቸውን ሰማሁ። ከኋላቸው ሩት ዕቃ ታጥባለች፤ ውኃው ይንፏፏል።

«እኔም አላውቅም፣» አሉኝ። «ግን እኔ የማላውቀው ዕዳው ባለቀ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው።»